የስጦታው ወር፦ ከድብቅ ምጽዋት ወደ ገበያ አዳራሽ



ታኅሣሥ ሲገባ በከተሞቻችን ታላላቅ ሆቴሎችና የገበያ ሕንጻዎች በር ላይ የፕላስቲክ ጥድ ይቆማል። መብራት ይጠመጠምበታል፤ ከሥሩ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለሉ ባዶ ካርቶኖች ይደረደራሉ፤ አጠገቡ ቀይ የለበሰ ነጭ ጺማም ሽማግሌ ይቆማል። ቅርንጫፉም በረዶ የጣለበት እንዲመስል ጥጥ ይበተንበታል። ታኅሣሥ ለእኛ በጋ ነው፤ ገበሬው አውድማ ላይ እህል የሚወቃበት ወር። ዕቃው ግን ለበረዶ አገር የተሠራ ስለሆነ ከነበረዶው መጥቷል።

ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ቢሆን ይህ ነገር የቆየ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አማኝ ለገና ያደገበት ልማድ ሌላ ነው። የነቢያትን ጾም ይጾማል፤ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ያድራል፤ ታኅሣሥ 29 ይፈታል፤ ገጠር ከሆነ ወጣቶቹ ሜዳ ወጥተው በዱላ ገና ይጫወታሉ። ዛፉም ሽማግሌውም በዚህ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም።

በዚህ ወቅት ወጣቶቻችን የሚያነሱት ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ይቻላል ወይስ አይቻልም?» የሚል ነው። የመሥሪያ ቤት የስጦታ ዕጣ ውስጥ ልግባ? ልጄ ትምህርት ቤት የገና አባት ጋ ፎቶ ይነሳ? ለፍርዱ ዐሊሞች አሉን፤ እነሱን መጠየቅ ነው። እኛ ዛሬ የያዝነው ታሪኩን ነው። ታሪኩ ደግሞ የሌሎች ብቻ አይደለም፤ ዞሮ ዞሮ እኛው ደጃፍ ይደርሳል። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።)

በዛሬዋ ቱርክ ደቡብ ጠረፍ፣ በአንታልያ ግዛት፣ ደምሬ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በጥንቱ ዘመን ስሟ ሚራ ነበር። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኒኮላስ የሚባል ጳጳስ ነበራት። ስለ እሱ የሚነገረው አብዛኛው ነገር የተጻፈው ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ስለሆነ የታሪክ ሰዎች በጥንቃቄ ነው የሚያዩት። ስሙን ያስጠራው ታሪክ ግን አንድ ነው። ሦስት ሴት ልጆች ያሉት አንድ የደኸየ አባት ነበር። በዚያ አገር ልማድ ገንዘብ ይዛ የምትቀርበው ሴቷ ናት፤ የኛ መህር ተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። ገንዘብ የሌላት አታገባም። አባትየው ልጆቹን ወደ ዝሙት ሊሰዳቸው ሲቃረብ ኒኮላስ በሌሊት መጥቶ በመስኮት የወርቅ ከረጢት ወረወረ፤ ትልቋ ተዳረች። ሁለተኛ መጣ። ሦስተኛ ሲመጣ አባትየው አድፍጦ ያዘው። ኒኮላስም ለማንም እንዳይናገር አደራ አለው።

ወጋችን ወደ ኋላ የሚመለስባቸው ነገሮች እዚህ ውስጥ አሉ። ስጦታው የሄደው ለተቸገረ ነው፤ የሄደው በጨለማ ነው፤ ሰጪውም ስሙ እንዳይነሳ ለምኗል። ሙስሊም አንባቢ ይህን ሲሰማ ባዕድ አይሆንበትም። ሶደቃውን እስከ መደበቅ ድረስ የሚደብቅ ሰው በቂያማ ቀን በአላህ ጥላ ሥር ከሚጠለሉት ሰባት ወገኖች አንዱ መሆኑ በሶሒሕ ሐዲስ ተነግሮናል።

ኒኮላስ የሚታወስበት ቀን ታኅሣሥ 25 ሳይሆን ዲሴምበር 6 መሆኑንም እንያዝ፤ ታኅሣሥ 25 ስንልም የፈረንጁን ዲሴምበር 25 ማለታችን ነው። ቀኑ የነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ) ልደት ተብሎ እንደሚከበር የሚያሳየው የመጀመሪያ ማስረጃ የተገኘው ከሮም ነው፤ እሱም ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ወንጌሎቹ ቀን አይጠቅሱም። በዚያው ሰሞን ሮማውያን ሁለት የስጦታ በዓላት ነበሯቸው። አንደኛው ከዲሴምበር 17 ጀምሮ የሚከበረው ሳተርናሊያ ነው፤ ጌታ ለባሪያው ማዕድ ያቀርባል፣ ሰዎች የሰም ሻማና ከሸክላ የተሠሩ ትናንሽ ምስሎች ይሰጣጣሉ። ሁለተኛው የጃንዋሪ 1 የአዲስ ዓመት በዓል ነው። የገና ስጦታ «ከጣዖት አምልኮ በቀጥታ የተቀዳ ነው» እያሉ የሚያሰራጩ አሉ። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም፤ በሳተርናሊያና በዛሬው የስጦታ ገበያ መካከል አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል አለ፤ በመሐል ብዙ ነገር ጠፍቷል፣ ብዙ ነገር እንደ አዲስ ተፈጥሯል። እርግጥ የሆነው፣ ብርዱ ሲጠናና ቀኑ ሲያጥር መሰጣጣት በዚያ አካባቢ የቆየ የሰው ልማድ መሆኑ ነው።

ልማዱን ያልወደዱትም ቀድመው ነበሩ። በ400 ዓመት፣ ዛሬ አማስያ በምትባለው የቱርክ ከተማ፣ አስቴሪዮስ የሚባል ጳጳስ ስለ ጃንዋሪ 1 በዓል ስብከት አደረገ። ስብከቱ እስከ ዛሬ ተርፏል። በጣም ያንገበገበው የሕፃናቱ ነገር ነው። ልጆቹ የብር ቅብ ያደረጉበትን ፍራፍሬ ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ በምላሹ ዋጋው እጥፍ የሆነ ስጦታ ይቀበላሉ። ይህ በዓል ገና ነፍስ ያላወቁትን ስስት ያስተምራቸዋል ነው ያለው። የእንቁጣጣሽ ዕለት ሥዕል ይዘው ደጃችንን የሚያንኳኩትን ሕፃናት ያየ ሰው «ይህስ ምን ክፋት አለው?» ሊል ይችላል፤ እኛም ጳጳሱ ትንሽ ሳይከርር አልቀረም እንላለን። ነገር ግን ጥያቄው በ1600 ዓመት አላረጀም።

ኒኮላስ ከሞተ በኋላ ዝናው ከራሱ በላይ ሄደ። ሰልጁቆች አናቶሊያን ከያዙ በኋላ፣ በ1087፣ የጣልያኗ ባሪ መርከበኞች አፅሙን ከሚራ ወስደው ወደ አገራቸው አሻገሩት። በሆላንድ «ሲንተርክላስ» ተባለ፤ በዋዜማው ሌሊት ልጆች ጫማቸውን አስቀምጠው ይጠብቁታል። ፕሮቴስታንቶች የቅዱሳንን ክብር ሲነቅፉ በጀርመን ስጦታው ከኒኮላስ ቀን ወደ ገና፣ ሰጪውም ወደ «ሕፃኑ ክርስቶስ» ተዛወረ። የእንግሊዝ ፒዩሪታኖች ደግሞ ከዚህም ሄዱና በዓሉን ራሱን ጣሉት፤ መጽሐፍ ያላዘዘው፣ ሰዎች በኋላ የጨመሩት ነው አሉ። በእኛ አነጋገር ቢድዓ ነው እንደማለት። ፓርላማቸው በ1647 ገናን ሻረ። አሜሪካ ውስጥ የማሳቹሴትስ ሰፋሪዎች በ1659 ገናን ሲያከብር የተገኘ ሰው 5 ሽልንግ እንዲቀጣ ደነገጉ፤ ሕጉ የተነሳው በ1681 ነው። ዛሬ የገና ገበያ መዲና የሆነችው አሜሪካ የተጀመረችው በከፊል በእነዚህ ሰዎች መሆኑን ስናስብ ሱብሓነላህ ያሰኛል!

ትልቁ መታጠፊያ የመጣው በኒውዮርክ ነው፤ በ1800ዎቹ መጀመሪያ። በዚያ ዘመን ገና የቤተሰብ በዓል አልነበረም። ሥራ የሚቀዘቅዝበት ወቅት ስለነበር ድሆችና የቀን ሠራተኞች ሰብሰብ ብለው፣ እየዘፈኑና እየጠጡ፣ ሀብታም ደጃፍ ላይ ሄደው ምግብና መጠጥ ይጠይቃሉ። ባለቤቱ ይሰጣል፤ ካልሰጠ ሊሰድቡት፣ ሊያውኩት ይችላሉ። ከተማዋ ስታድግ ሀብታሞቹ ይህን ግርግር ፈሩት። ስቲቨን ኒሰንባም የተባሉ አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደሚያሳዩት፣ መፍትሔ የሆነው በዓሉን ከመንገድ ወደ ሳሎን ማስገባት ነበር። ዲሴምበር 23 ቀን 1823 ትሮይ በምትባል ከተማ የሚታተም ጋዜጣ የጸሐፊው ስም ያልተጻፈበት ግጥም አወጣ። ግጥሙ በኋላ የክሌመንት ክላርክ ሙር ነው ተባለ፤ ሰውየው የቤተ ክርስቲያን ኮሌጅ መምህርና በማንሃታን ሰፊ መሬት ያላቸው ባለጸጋ ነበሩ። በግጥሙ ውስጥ ጳጳሱ የለም። በምትኩ በ8 አጋዘን የሚጎተት የበረዶ ሸርተቴ የሚነዳ፣ በጭስ ማውጫ የሚገባ፣ ፒፓ የሚያጨስ ድቡልቡል ሽማግሌ አለ። ስጦታ የሚያመጣውም በቤቱ ለተኙት ለባለቤቱ ልጆች ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የሽማግሌው መልክ መቀየር ትንሹ ለውጥ ነው። ዋናው የስጦታው አድራሻ መቀየሩ ነው። ቀድሞ፣ በግርግርም ቢሆን፣ ካለው ወደ ሌለው ይሄድ የነበረ ነገር አሁን ካለው ወደ ራሱ ልጅ ሄደ። ደጅ የሚቆመው ድሃ ከታሪኩ ወጣ፤ የመስጠት ስሜቱ ግን ቤት ውስጥ ቀረ። ባለጸጋው ለልጁ አሻንጉሊት ገዝቶ እንደ ለጋሽ ተሰማው። ነጋዴው የጠበቀውም ይህንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። ሥዕለኛው ቶማስ ናስት ከ1863 ጀምሮ በሃርፐርስ ዊክሊ መጽሔት ሽማግሌውን እየደጋገመ ሣለውና ሕዝቡ አንድ መልክ ለመደ። ሜሲስ የተባለው የኒውዮርክ ትልቅ መደብር በ1867 የገና ዋዜማ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ሆኖ ዋለ። ቺካጎ ያለው ሞንትጎመሪ ዋርድ በ1939 ደንበኛ ለመሳብ አንዱን ሠራተኛውን የልጆች ታሪክ አስጻፈና ባፍንጫው የሚያበራው አጋዘን ሩዶልፍ ተወለደ፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 2.4 ሚሊዮን ያህል ቅጂ በነፃ ታደለ። ዛሬ ብዙ ልጅ ሩዶልፍን የጥንት ተረት አድርጎ ነው የሚያውቀው። በተቃራኒው፣ «ሽማግሌውን ቀይ ያለበሰው ኮካ ኮላ ነው» የሚለው በየገጹ የሚዞር ወሬ ልክ አይደለም። ቀዩ ልብስ ከዚያ በፊትም ነበረ። ኮካ ኮላ ያደረገው በ1931 ሃደን ሰንድብሎም የተባለውን ሠዓሊ ቀጥሮ መልኩን በዓለም መበተን ነው። ችግሩ የለስላሳ መጠጥ በብርድ ወራት አለመሸጡ ነበር።

በመሐል የተረሳ አንድ ታሪክ አለ። በ1900ዎቹ መጀመሪያ በኒውዮርክ መደብሮች የሚሠሩ ሴቶች፣ ደመወዛቸው ትንሽ ሆኖ ሳለ፣ ገና ሲደርስ ከኪሳቸው እያዋጡ ለአለቆቻቸው ስጦታ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። ማንም በጽሑፍ አላዘዛቸውም፤ ያላዋጣች ግን ሥራዋን ትሰጋለች። በ1912 «ጥቅም የለሽ ስጦታን የሚከላከል ማኅበር» የሚባል ተቋቋመ፤ ሠራተኞቹ ገቡበት፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሳይቀሩ አባል ሆኑ። ማኅበሩ ብዙ አልቆየም። እኛን የገረመን ግን የስጦታው አቅጣጫ ነው፤ ኒኮላስ ወደታች የወረወረው ከረጢት በዚህ ጊዜ ወደ ላይ እየተወረወረ ነበር። በየመሥሪያ ቤታችን «ለአለቃ እናዋጣ» ሲባል ዝም ብሎ ብር የሚያወጣ ወንድምና እህት ይህን በደንብ ይረዳዋል።

የገበያው ጉልበት የት ድረስ እንደሄደ ለማየት 1939ን ማስታወስ ይበቃል። አሜሪካውያን የምስጋና ቀናቸውን የሚያከብሩት በኖቬምበር የመጨረሻ ሐሙስ ነበር፤ የገና ግብይት የሚጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ሐሙሱ 30 ላይ ዋለ። ነጋዴዎች የመሸጫ ጊዜ አጠረብን ብለው አቤት አሉ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ለአምላክ ምስጋና የሚቀርብበትን ቀን በአንድ ሳምንት አስቀደሙት። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች እምቢ ስላሉ አገሩ በሁለት ቀን አከበረ። በ1941 ኮንግረሱ አራተኛው ሐሙስ ይሁን ብሎ በሕግ ቆረጠው።

በሌላ በኩል በ1993 ጆኤል ዋልድፎገል የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁር ተማሪዎችን ስለተቀበሉት የገና ስጦታ ጠይቀው ሒሳብ ሠሩ። ተቀባዮቹ ለዕቃው የሚሰጡት ግምት ከተገዛበት ዋጋ ከ10 በመቶ እስከ ሲሶ ድረስ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የሚያስፈልገውን ሳይሆን «ባዶ እጅ እንዳልሄድ» ተብሎ የሚገዛ ነገር መጨረሻው ይኸው ነው። ቁርኣን አባካኞችን የሸይጧን ወንድሞች ያላቸው ለምን እንደሆነ ሒሳቡ በራሱ መንገድ ያሳያል።

ይህ ገበያ ክርስትናን ብቻ አይደለም የለወጠው። የይሁዲዎች ሐኑካ ከትናንሽ በዓላቸው አንዱ ነበር፤ ለልጆች ጥቂት ሳንቲም ይሰጥ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ልጆቻቸው የጎረቤት ስጦታ ሲያዩ እንዳይከፋቸው ሲባል ሐኑካም የአሻንጉሊት በዓል ሆነ። ጃፓን ክርስቲያን ከሕዝቧ 1 በመቶ ገደማ ነው፤ ሆኖም ኬኤፍሲ በ1974 የጀመረው የማስታወቂያ ዘመቻ የተጠበሰ ዶሮን የገና ምግብ አድርጎታል። ሃይማኖቱ ሳይኖር በዓሉ ይሸጣል ማለት ነው።

ሙስሊሙስ? ለዚህ መልስ ወደ አውሮፓ መሄድ አያስፈልግም። ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ አል-መቅሪዚ (ረሒመሁላህ) በ1364 ተወልደው በ1442 ያረፉ ናቸው። ስለ ካይሮ በጻፉት «ኺጠጥ» በሚባለው ትልቅ ሥራቸው ውስጥ፣ በወጣትነታቸው ያዩትን የቅብጦች የልደት በዓል ሰሞን ገበያ ይተርካሉ። በቀለም ያጌጡ፣ ቅርጽ የወጣላቸው ሻማዎች ይሸጣሉ፤ ስማቸው ፋኑስ ነው። ከትልቅ እስከ ትንሽ ለልጁና ለቤተሰቡ ሳይገዛ የሚቀር የለም። ሱቆች ደጃፋቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ሰዎች በዋጋ ይፎካከራሉ። አል-መቅሪዚ 1500 የብር ዲርሃም የወጣባትን አንዲት ሻማ አስታውሰው ጽፈዋል፤ በጊዜው ከ70 ሚስቃል ወርቅ በላይ ነው። በመንገድ ያሉ ለማኞች እንኳ በዚያ ሰሞን ዳቦ ሳይሆን ፋኑስ ይለምኑ እንደነበር፣ ሰዎችም የአንድ ዲርሃም ያህል ትንንሽ እየገዙ ይሰጧቸው እንደነበር ይነግሩናል። በኋላ የግብፅ ኑሮ ሲናጋ ከቅንጦት ልማዶች ጋር ይህም ቀረ።

ፋኑስ ግን አልጠፋም። ዛሬ በካይሮ ፋኑስ ማለት ረመዷን ማለት ነው። በአል-መቅሪዚ ዘመን የልደት በዓል ሸቀጥ የነበረው ዕቃ ዛሬ የጾማችን ምልክት ተደርጎ በስልካችን ላይ በየፖስተሩ ይላካል፤ የእኛም ከተሞች ተቀብለውታል። አብዛኛው የሚሠራው ቻይና ነው። የመርካቶ አስመጪዎች ስሟን በደንብ የሚያውቋት የዪዉ ከተማ የዓለምን የገና ጌጣጌጥ በብዛት ታመርታለች፤ የረመዷን ፋኑስም ከዚያው ይጫናል። በ2015 የግብፅ መንግሥት ፋኑስን ጨምሮ ባህላዊ መልክ ያላቸው ዕቃዎች ከውጭ እንዳይገቡ የከለከለው የአገሩ አንጥረኛ ሥራ ስለፈታ ነው። ጥዱም ፋኑሱም ከአንድ ገበያ ይገዛል።

ፋኑስ ማንጠልጠል ኃጢአት ነው ለማለት አይደለም፤ ልጆች ይደሰታሉ፣ መደሰታቸውም መልካም ነው። ነገር ግን የሄድንበት መንገድ የታወቀ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች ለገና የቀሩትን ቀናት በቸኮሌት የሚቆጥረው ካርቶን ለረመዷን ተሠርቶ ይሸጣል። ያ የለስላሳ መጠጥ ድርጅት በሙስሊም አገሮች የኢፍጧር ማስታወቂያ ይሠራል። እኛም ጋ የረመዷን ልዩ ቅናሽ፣ የዒድ ባዛር፣ የዒድ የስጦታ ሣጥን መጥቷል። ነጋዴ ወንድሞቻችን በሐላል መነገዳቸውን አንነቅፍም። የሚያሳስበን ልጁ አዲስ ልብስ ለብሶ ፎቶ ሳይነሳ ዒድ ያልገባ የሚመስለው አባት፣ ለዚያ ብሎ የሚበደረው አባት ነው።

የስጦታ ልማድ ከውጭ መቅዳት የቸገረን ሕዝብም አይደለንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስጦታ ይቀበሉ፣ ይመልሱም ነበር፤ መሰጣጣት ፍቅርን እንደሚያመጣም አስተምረዋል። አረፋ ሲደርስ ከመርካቶ ወደ ስልጤና ጉራጌ የሚጎርፈውን ወጣት ተመልከቱ። ለእናቱ የሚለበስ ነገር፣ ለቤቱ ስኳርና ቡና ይዞ ይገባል። እናቱ ምን እንደጎደላት ስለሚያውቅ የያዘው ዕቃ ከሲሶው አይከስርም። ያንን ግን ወረቀት ጠቅልሎ የሚሸጥለት የለም፣ ፖስተርም የለውም።

ለድሃው ደግሞ የተተወለት በጎ ፈቃድ ሳይሆን ግዴታ ነው። ዘካተል ፊጥር ከሶላቱ በፊት መድረስ አለበት፤ አንድ ቁና እህል ያህል ነገር ነው፣ በየሰው ራስ የሚሰፈር። የቤተሰቡ ትንሽ ልጅም ይቆጠራል። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ከዒዱ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድመው ይሰጡ እንደነበር በሶሒሕ ተዘግቧል። ድሃው ለዒድ ገበያ ከሰው እኩል ወጥቶ ለልጁ የሚገዛው በእነዚያ ሁለት ቀናት ነው።

ወላሁ አዕለም።